ጌም ሲጎተት፣ ኮምፒውተር ከመቀየራችሁ በፊት

«ጌም እየተጎተተብኝ ነው፣ የትኛውን ላፕቶፕ ልግዛ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ቆይ፣ ምኑ ነው የሚጎተተው? እዚህ ላይ ብዙው ሰው ዝም ይላል። ጌሙ ተንቀራፈፈ፣ ተናደደ፣ ዩቲዩብ ላይ የሚያብረቀርቅ አዲስ ማሽን አየ፣ በቃ ልቡ ሸፈተ። ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ አዲሱን ማሽን አስነስቶ ሲገባ ያው ጌም ያው ቦታ ላይ ይደርቃል። ለካስ ችግሩ ከመጀመሪያውም ዋይፋዩ ነበር። ስለዚህ ኪሳችሁ ውስጥ እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት ምርመራ አድርጉ። ምርመራው ነፃ ነው።

ሁለት ዓይነት መጎተት አለ። አንዱ የኔትወርክ ነው። ስክሪኑ ላይ ያለው ስዕል ለስላሳ ነው፣ ካሜራውን ስታዞሩት ወዲያው ይታዘዛል፣ ግን የተኮሳችሁበት ሰውዬ አይሞትም፣ ወይም ግድግዳ ጀርባ ከገባችሁ በኋላ እናንተ ትሞታላችሁ፣ ወይም ወደ ፊት ሮጣችሁ ሮጣችሁ ድንገት ወደ ነበራችሁበት ትመለሳላችሁ። ሌላው የማሽኑ ነው። ስዕሉ ራሱ ይቆራረጣል፣ ማውዙን ስታንቀሳቅሱ ካሜራው ዘግይቶ ይከተላል፣ ፋኑም ይጮኻል። ካልተለየላችሁ ያለ ኢንተርኔት ከቦት (ኮምፒውተሩ ራሱ ከሚያንቀሳቅሰው ተጫዋች) ጋር ተጫወቱ። እዚያም ከተቆራረጠ ኢንተርኔቱን አትውቀሱት። አብዛኞቹ ጌሞች ሴቲንግ ውስጥ ኤፍፒኤስ (በሰከንድ ስንት ስዕል እንደሚታይ) እና ፒንግ (መልእክታችሁ ጌሙ ያለበት ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ) የሚያሳይ ምርጫ ስላላቸው ሁለቱንም አብሩና ስክሪኑ ጥግ ላይ ይቀመጡ። ኤፍፒኤስ ሲወርድ ማሽኑ ነው፣ ፒንግ ሲዘል ኔትወርኩ ነው።

ከማሽኑ እንጀምር። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ምረጡና ጌሙን አስነሱ። አሁን በጣም የሚያስቸግራችሁን ቦታ ሄዳችሁ ተጫወቱ፣ ልክ ሲደርቅ አልት እና ታብ ተጭናችሁ ውጡና ግራፎቹን እዩ። ግራፎቹ ያለፉትን 60 ሰከንዶች ስለሚያሳዩ ጥፋተኛው እጅ ከፍንጅ ይያዛል። ጌሙ በደረቀባት ቅጽበት የትኛው መስመር ነው ወደ ላይ የተተኮሰው? ዲስኩ? ራሙ? ፕሮሰሰሩ?

ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተለጥፎ ከቀረ፣ ከጎኑም ኤችዲዲ የሚል ከተጻፈ፣ ወሬ አያስፈልግም፣ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ቢያነብ ነው፣ ያውም ትልቅ አንድ ፋይል በተርታ ሲያነብ። ጌም ደግሞ የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ነው የሚጠይቀው፣ እዚያ ላይ ፍጥነቱ ገደል ይገባል። ተራ የሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ፣ ሳታ በሚባለው የቆየ ማገናኛ የሚሰካ) በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል፣ የተበታተነ ፋይል ላይ ደግሞ ጭራሽ አይወዳደሩም። አሮጌ ማሽን ላይ ከምትገጥሙት ዕቃ ሁሉ ልዩነቱን ወዲያው የምታዩት ኤስኤስዲ ላይ ነው፤ እኔ በዚህ ጉዳይ አልከራከርም። ማሽናችሁ ኤንቪኤምኢ (ከሳታ የፈጠነውን የኤስኤስዲ ዓይነት) የሚቀበል ከሆነ እሱን ግጠሙ፣ ካልሆነ ሳታውም ይበቃችኋል፤ ጌም ሲከፈት በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሳጥኑ ላይ እንደተጻፈው ቁጥር አይደለም።

ራሙ (የተከፈተውን ሁሉ ለጊዜው የሚይዘው ሜሞሪ) ጢም ብሎ ከሞላ መጀመሪያ ብራውዘሩን ዝጉ። 40 ታብ ከፍቶ ራም አነሰኝ የሚል ሰው አውቃለሁ። ከዘጋችሁም በኋላ ከሞላ ጨምሩ፤ ዛሬ ላይ ለጌም 8 ጊጋ ጠባብ ነው፣ 16 ደህና ነው። ስትጨምሩ ግን አንድ ነገር አትርሱ፦ አንድ ባለ 16 ከመግጠም ሁለት ባለ 8 መግጠም ይሻላል። ፕሮሰሰሩ ከሁለቱ ራሞች ጋር በሁለት መስመር ስለሚነጋገር መንገዱ ይሰፋል። በተለይ የተለየ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ካላችሁ፣ ግራፊክሱ የሚጠቀመው ያንኑ የኮምፒውተሩን ራም ስለሆነ፣ ሁለተኛዋን ራም በመግጠም ብቻ ኤፍፒኤሱ ዓይን በሚገባ መጠን ከፍ ሊል ይችላል። ሰው ይህን ዘሎ በቀጥታ አዲስ ማሽን ሲገዛ ያናድደኛል።

ጂፒዩ (ስዕሉን የሚሠራው የግራፊክስ ቺፕ) 99 ፐርሰንት ሲያዩ የሚደነግጡ አሉ። አትደንግጡ፣ ሥራው ነው። የሚያሳስበው ጂፒዩው 50 ፐርሰንት ላይ ተዝናንቶ ኤፍፒኤሱ ግን ዝቅ ሲል ነው፤ ያኔ የሚያስጠብቀው ፕሮሰሰሩ ነው ማለት ነው (ኤፍፒኤሱን ራሳችሁ ሴቲንግ ውስጥ ገድባችሁት ካልሆነ)። «ፕሮሰሰሩም 30 ፐርሰንት ላይ ነው እኮ» ትሉኛላችሁ። ግራፉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ እያንዳንዱን ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው የሚሠራ ክፍል) ለየብቻ እንዲያሳይ አድርጉ። ብዙ ጊዜ አንዱ ኮር ጣሪያ ነክቶ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ታገኟቸዋላችሁ፤ ብዙ ጌሞች ሥራውን ለሁሉም እኩል አያከፋፍሉም።

አሁን ወደ ሙቀት። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ጌሙ ሲጀመር አሪፍ ነው፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ይንቀራፈፋል፣ ትንሽ አሳርፋችሁት ስትመለሱ ደግሞ ይሻለዋል። ፕሮሰሰሩ ሲግል ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ብዙዎቹ ይህን የሚያደርጉት ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርሱ ነው። ኤችደብሊውኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭናችሁ ሙቀቱን ተከታተሉ፤ ላፕቶፕ ጌም ላይ 80 ቤት ውስጥ ቢውል ችግር የለውም።

የቆየ ላፕቶፕ ከፍታችሁ ካላያችሁ አቧራ ምን እንደሚያደርግ አታምኑም። ፋኑ ላይ ያለው ብናኝ ቀላሉ ነው። ዋናው ያለው ፋኑ አየር የሚገፋባቸው ስስ የብረት ክንፎች አፍ ላይ ነው፤ እዚያ አቧራውና ፀጉሩ ተጋግሮ ግራጫ ብርድ ልብስ ይሠራል፣ በጣት ሲይዙት እንዳለ ተነቅሎ ይወጣል። ፋኑ ምንም ቢጮኽ አየሩ አይወጣማ! ማጥፋት፣ ቻርጀሩን መንቀል፣ ከተቻለ ባትሪውንም ማላቀቅ፣ ከዚያ በታመቀ አየር መንፋት። ስትነፉ የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙት፤ እንዲሁ ከተለቀቀ ከልኩ በላይ ይሽከረከርና ሊበላሽ ይችላል። ዓመታት የቆየ ከሆነ ፕሮሰሰሩና ማቀዝቀዣው መሀል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ ስለሚሆን እግረ መንገዳችሁን ቀይሩት። ላፕቶፕ ከፍታችሁ የማታውቁ ከሆነ ግን ለሚያውቅ ሰው ስጡት፣ እነዚያ ቀጫጭን ኬብሎች ቀልድ አያውቁም። አልጋ ላይ ማስቀመጥም ይቅርባችሁ፣ አየር የሚስበው ከሥር ነው።

ዕቃ ሳይገዛ የሚስተካከሉም አሉ፣ ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ተጫወቱ፤ ባትሪ ብቻ ሲሆን ጉልበቱን ይቆጥባል። ዴስክቶፕ ከሆነ የሞኒተሩ ኬብል ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱን ከኋላ እዩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ ውድ ካርዱን በነፃ የሚያሳርፍ ሰው ብዙ ነው። ባለ 144 ኸርዝ (ስዕሉን በሰከንድ 144 ጊዜ የሚያድስ) ሞኒተር ከገዛችሁ ዊንዶውስ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ 144 መሆኑን አረጋግጡ፤ ዝም ብሎ 60 ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ውስጥ ደግሞ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚል ካለ አብሩት፣ ያለዚያ ራሙ ከተገዛበት ፍጥነት በታች ይሠራል።

ጌሙ ውስጥ መጀመሪያ የምትቀንሱት ጥላውን ነው። ከዚያ ጭጋጉን፣ ነጸብራቁን። ቴክስቸሩን ግን የግራፊክስ ካርዱ ሜሞሪ ካልሞላ ተዉት፤ ውበቱ ያለው እዚያ ነው፣ ቢቀነስም ብዙ አያተርፍም። ይህም ካልበቃ ሪዞሉሽኑን አውርዱ። 1920 በ1080 ማለት ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክስል ነው። 1280 በ720 ደግሞ 921,600 ብቻ። ካርዱ የሚሠራው ከግማሽ በታች ወረደለት ማለት ነው። ስዕሉ ይደበዝዛል፣ አዎ። ግን ደብዛዛ ሆኖ የሚሮጥ ጌም ጥርት ብሎ ከሚቆራረጥ ይሻላል። «ጌም ቡስተር» እና «ራም ማጽጃ» የሚሏቸውን ፕሮግራሞች ደግሞ እባካችሁ ተዉአቸው፤ እነሱ ራሳቸው ራም ይበላሉ።

ማሽኑ ንጹህ ከሆነ ተጠርጣሪው ኔትወርኩ ነው፣ እሱንም በመላምት አትፍረዱበት። ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈቱና የፒንግ ትዕዛዝ ጽፋችሁ የራውተራችሁን አድራሻ አስከትሉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው። መጨረሻው ላይ ሰረዝና ትንሿን የቲ ፊደል ከጨመራችሁበት እስክታስቆሙት ድረስ ይቀጥላል። አሁን ቁጥሮቹ ሲወርዱ እዩ። በኬብል 1 ሚሊሰከንድ፣ ሲበዛ 2 ነው የሚያሳየው። በዋይፋይ 3፣ 4፣ 3፣ 5 እያለ ሄዶ ድንገት 180 ካለ ግን ችግሩ ገና ከቤት አልወጣም። ኬብል ዘርጉ። ካልተቻለ ከ2.4 ጊጋኸርዝ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ቀይሩና ራውተሩን ቀረብ አድርጉት፤ 2.4ቱ ላይ የጎረቤት ዋይፋይም፣ ብሉቱዝም፣ ማይክሮዌቭም ይጋፋሉ። አምስቱ ግን ግድግዳ ላይ ደካማ ነው፣ ሁለት ክፍል ተሻግሮ ተአምር አትጠብቁበት።

የራውተሩ ፒንግ ጥሩ ሆኖ ወደ ውጭ ያለው ሲዘል ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ፒንጉን ወደ 8.8.8.8 (የጉግል አድራሻ ነው) አዙሩትና ቤት ውስጥ ማን ምን እያደረገ እንደሆነ ጠይቁ። አንዱ ከስልኩ ቪዲዮ መላክ ሲጀምር ከ40 ተነስቶ 300፣ 400 ሲገባ በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ ሲጨርስ ይመለሳል። የሚላከው ዳታ ራውተሩ ወይም ሞደሙ ውስጥ ተሰልፎ የእናንተ ትንሽዬ የጌም ፓኬት (የዳታ ጥቅል) ከሰልፉ መጨረሻ ስለቆመች ነው። ራውተራችሁ ኪውኦኤስ ወይም ኤስኪውኤም የሚል ሴቲንግ ካለው አብሩና የመላኪያ ፍጥነቱን ከትክክለኛው ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ገድቡት፤ ሰልፉ ይበተናል። ፈጣን ፓኬጅ መግዛት የመጀመሪያው መፍትሔ አይደለም፤ ጌም ሲጫወቱ የሚመላለሰው ዳታ ትንሽ ነው፣ ብዙ የሚበላው ዳውንሎዱና አፕዴቱ ነው።

የማይስተካከልም አለ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰርቨሩ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ከራቀ ለደርሶ መልስ ብቻ 50 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፣ ያውም ኬብሉ ቀጥ ብሎ ቢሄድ ነው። ፒንግ እናወርዳለን የሚሉ አፖች መንገዱ ጠማማ ከሆነ ሊያቃኑት ይችሉ ይሆናል፣ ርቀቱን ግን አያሳጥሩም። ቅርብ ያለውን ሰርቨር በእጃችሁ ምረጡ። 150 ፒንግ ይዞ 240 ኸርዝ ሞኒተር የሚገዛ ሰው ደግሞ… ገንዘቡ የራሱ ነው። በመብራት ያሸበረቀ ኪቦርድም እንደዚያው፣ ያምራል፣ ሌላ ጥቅም የለውም። ማውዝ ላይ ግን አትሳሱ።

እንግዲህ አዲስ ማሽን በእርግጥ የሚያስፈልገው መቼ ነው? አንደኛ፣ ሁሉን አድርጋችሁ፣ ጌሙን ዝቅተኛው ሴቲንግ ላይ አድርጋችሁም ካልሄደ። ሁለተኛው የፍጥነት ጉዳይ አይደለም። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል። ቫሎራንት የሚባለው የተኩስ ጌም ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ያልታመነ ሶፍትዌር እንዳይገባ የሚከለክለው) ካልበሩ አያስገባም። ከመደናገጣችሁ በፊት ባዮስ ውስጥ ፈልጉ፤ ብዙ ማሽን ላይ አለ፣ ያልበራ ብቻ ነው። ከሌለ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም) አንድ አማራጭ ነው። ስቲም (የጌም መሸጫው) ላይ ያሉ በጣም ብዙ ጌሞች በፕሮቶን (የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው ሶፍትዌር) ይሄዳሉ፣ ግን ቫሎራንትንና ፎርትናይትን አትጫወቱበትም፣ ጸረ ማጭበርበሪያቸው አይፈቅድም።

ላፕቶፕ መግዛቱ የግድ ከሆነ የግራፊክስ ካርዱን ስም ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። የላፕቶፕ አርቲኤክስ 4060 አንዱ ላይ 35 ዋት፣ ሌላው ላይ 115 ዋት ተሰጥቶት ሊመጣ ይችላል፤ ስማቸው አንድ ነው፣ ጉልበታቸው ግን ለየቅል። ዋቱን ከአምራቹ ዝርዝር ላይ ፈልጉ። ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው ወይስ የሚነቀል፣ ስንት ማስገቢያ አለው፣ ሁለተኛ ኤስኤስዲ ይቀበላል ወይ፣ እነዚህን ጠይቁ። ሻጩ መመለስ ካልቻለ የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ተቀብላችሁ ሂዱና ራሳችሁ አጣሩ።