የወገብ ኦፕራሲዮን ከመወሰናችሁ በፊት

ቅድሚያ ይሄን አንብቡ። ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጣችሁ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዛችሁ፣ እግራችሁ በፍጥነት እየደከመ ከሆነ ጽሑፉን ትታችሁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ካልሆነ ግን አትቸኩሉ። ኤምአርአይ ላይ «ዲስክ» (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ነገር) የሚል ቃል ስላያችሁ ብቻ አትደንግጡ። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነስተው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ተገኝቶባቸዋል።

ሐኪሙን «ኦፕራሲዮኑ የሚያሽለው የቱን ህመም ነው?» በሉት። ነርቭ ተጭኖ ወደ እግር የሚወርደው ህመም በኦፕራሲዮን የበለጠ ይሻላል፤ ወገብ ላይ ብቻ የሚቀረው ግን ያን ያህል አያስተማምንም።

አሁን ወደ ስሜታችሁ። ድብርት፣ ጭንቀትና «መቼም አይሻለኝም» የሚል ሐሳብ ያለባቸው ሰዎች ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚያገኙት ለውጥ በአማካይ ያነሰ ነው። ይሄ ህመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም፣ እንደዛ የሚላችሁን ሰው አትስሙ፤ የተጨነቀና እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ህመምን ያጎላል፣ ህመሙ ደግሞ መልሶ እንቅልፍ ይነሳል። ፒኤችኪው-9 የሚባለውን፣ ድብርትን የሚለካ የዘጠኝ ጥያቄ መጠይቅ ሙሉ። ከ27 ነጥብ 10ና ከዚያ በላይ ከመጣ ለሐኪሙ ሳታፍሩ ንገሩት። ኦፕራሲዮን ትከለከላላችሁ ብላችሁ አትደብቁ፤ ድብርቱ ጎን ለጎን ሊታከም ይችላል።

ፍርሃትም አለ። «ባጎነብስ ይበጠሳል» ብሎ የተኛ ሰው ጡንቻው ይደክማል፣ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ያመዋል፣ ፍርሃቱም ይብሳል። የምትፈሩትን አንድ እንቅስቃሴ ምረጡና ከፊዚዮቴራፒስት ጋር በትንሹ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ቤተሰብም ሁሉን ነገር ከእጃችሁ ባይቀማ ጥሩ ነው፤ አብሯችሁ በእግር ቢሄድ ይሻላል።

ሥራን አትርሱ። የሥራ ጉዳት ካሳ ጉዳይ ያላለቀላቸው ሰዎች ውጤታቸው ዝቅ እንደሚል በተደጋጋሚ ታይቷል፤ ስለዚህ ስትመለሱ ቀለል ያለ ሥራ ይኖር እንደሆነ ከአለቃችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። አከርካሪ የሚያያይዝ ኦፕራሲዮን ከሆነ ሲጋራ አቁሙ፣ አጥንቱ እንዳይያያዝ ሊያደርግ ይችላል።

በመጨረሻም ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ማድረግ የምትፈልጉትን ሦስት ነገር ጻፉ። «ህመም እንዳይኖር» ሳይሆን «ልጄን ማንሳት»፣ «ግማሽ ሰዓት መራመድ» ብላችሁ። ወረቀቱን ለሐኪሙ ስጡትና የትኛው ይሳካል፣ የትኛው አይሳካም ብላችሁ ጠይቁት።