የዱር ወይራን ለይቶ ቦንሳይ ማድረግ

ፍየል ሲግጠው የኖረ የወይራ ቁጥቋጦ ቁመቱ ከጉልበት ሳያልፍ ግንዱ እንደ ክንድ ይወፍራል። ለቦንሳይ፣ ማለትም በጠፍጣፋ ሳህን ውስጥ ድንክ ተደርጎ ለሚያድግ ዛፍ፣ ከዚህ የተሻለ የአገራችን ዛፍ ማግኘት ያስቸግራል።

መጀመሪያ ወይራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከሩቅ ክትክታ ያሳስታል። የወይራ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይበቅላሉ፤ ላያቸው ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባቸው ወርቃማ ቡናማ ነው። የክትክታ ቅጠል ግን አንድ በአንድ እየተፈራረቀ ይወጣል፤ ሲነኩት ይጣበቃል፤ ጀርባውም አረንጓዴ ነው።

ለግንባታ ከሚጸዳ መሬት፣ ባለይዞታውን አስፈቅደው ይውሰዱ። የቤተ ክርስቲያን ደን አይነካም። ጊዜው ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ አጋማሽ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው።

የሚከብደው ሥሩ ነው። በወይራ እያንዳንዱ ትልቅ ሥር በዋናነት የሚመግበው ከበላዩ ያለውን የግንድ ክፍል ነው። በአንድ ወገን ያሉትን ሥሮች ሁሉ ከቆረጡ ግንዱ በዚያው ወገን ከታች እስከ ላይ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ ከግንዱ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀው ዙሪያውን ይቆፍሩ፤ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ሥር ቆርጠው፣ በየአቅጣጫው ቀጫጭን ሥር ያላቸውን ያስቀሩ። ዶማ አፈር ለመቆፈር እንጂ ሥር ለመቁረጥ አይሆንም፤ የሰነጠቀው ሥር ይበሰብሳል። ስለታም መጋዝ ይጠቀሙ። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው በዕለቱ ይትከሉት።

ወለሉ በተበሳ የእንጨት ሳጥን ውስጥ፣ ቢሾፍቱ አካባቢ የሚወጣውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነፍተው ይሙሉ። ብናኙን ይጣሉ። መረሬ አፈር ውሃ ይዞ ሥሩን ስለሚያፍን ፈጽሞ አይጨምሩበት። ግንዱን ከሳጥኑ ጋር በሽቦ አጥብቀው ይሰሩት፤ ሽቦው ልጡን እንዳይበላው ከሽቦው በታች የጎማ ቁራጭ ያድርጉ። ዛፉ በነፋስ ከተወዛወዘ ፀጉር የሚያክሉት አዳዲስ ሥሮች ይበጠሳሉ።

ከፊል ጥላ ውስጥ አስቀምጠው፣ ጣትዎን 2 ሴንቲ ሜትር አስገብተው ደረቅ ሲሆን ብቻ ያጠጡ። ቅጠሉ ከረገፈ አይደንግጡ፤ ደርቆ ቅርንጫፉ ላይ ከቀረ ግን ያ ቅርንጫፍ ብዙውን ጊዜ ሞቷል። ልጡን በጥፍር ፋቅ ሲያደርጉት አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። የመጀመሪያው ቡቃያ ግንዱ ካጠራቀመው ምግብ የሚወጣ ስለሆነ ሥር ለመስደዱ ማስረጃ አይሆንም። ነቅለው አይዩት፤ ቡቃያው በርትቶ እስኪያድግ ማዳበሪያ አይስጡት።

በሁለተኛው ዓመት ከእርሳስ ያልወፈሩትን ቅርንጫፎች በአሉሚኒየም ሽቦ ማጠፍ ይቻላል፤ የወፈረው ይሰበራል። ወደ ጠፍጣፋው የቦንሳይ ሳህን የሚዛወረው ሳጥኑን ሥር ሲሞላው ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ ፀሐይ ያግኝ፣ ቅጠሉም እያነሰ ይሄዳል።