ክፍሉ ጭጭ ሲል ጥያቄውን ቀይሩት

የእንግሊዝኛ መምህራን፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች «የተውኔቱ ጭብጥ ምንድን ነው?» ሲባሉ አንገታቸውን የሚደፉ ከሆነ ይችን ሞክሯት። ገጸ ባሕርዩ ሊወስን ጫፍ ላይ ሲደርስ ንባቡን አቁሙና «አሁን ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል?» በሏቸው።

ለምሳሌ የሼክስፒርን ተውኔት «ማክቤዝ»ን ውሰዱ። ገቢር 1 ትዕይንት 7 ላይ ማክቤዝ ብቻውን ሆኖ ንጉሥ ዳንከንን የማይገድልበትን ምክንያት ይደረድራል። ዘመዱ ነው፣ ንጉሡ ነው፣ በዚያ ላይ ቤቱ ያረፈ እንግዳ ነው። ሚስቱ ከመግባቷ በፊት እዚያው ላይ አቁሙ። ይገድላል ወይስ ይተዋል? መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ በዝምታ ይጻፉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሐሳቡን የሚደግፍ አንድ መስመር ከጽሑፉ ላይ ያሳይ። መስመር የሌለው መልስ አይቆጠርም፤ በዚህ ላይ ጠንከር በሉ። «ይተወዋል» ያለው ልጅ፣ ከሥልጣን ጥማቱ በቀር የሚገፋፋው ነገር እንደሌለ ማክቤዝ ራሱ ሲናገር ሲያገኘው ክርክሩ ይሞቃል።

የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው። ጭብጥ ሲጠየቁ መምህሩ ልብ ውስጥ ያለችውን አንዲት መልስ መገመት ይሆንባቸዋል፣ ስለዚህ መሳሳትን ይፈራሉ። ውሳኔ ላይ ግን ማንም ሰው አስተያየት አለው። መጻፉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ለመናገር ለሚቸገሩት ቃላት መሰብሰቢያ ጊዜ ይሰጣቸዋል (እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ ጥሩ ሐሳብ ያላቸው ናቸው)።

ታሪኩ ገና ላልገባቸው ግን አትጠቀሙበት፣ ግምት ብቻ ነው የሚሆነው። መጨረሻውን ቀድመው ለሚያውቁት «ምን ማድረግ ነበረበት?» ብላችሁ ጠይቁ።