ወደ ሱፐርቪዥን ምን ይዞ መግባት ይገባል? ጅማ ላይ ለሚሠለጥኑ ቴራፒስቶች

ሱፐርቪዥን፣ ማለትም በንግግር የሚያክም ሠልጣኝ ስለ ታካሚዎቹ ልምድ ካለው ባለሙያ (ከሱፐርቫይዘሩ) ጋር የሚወያይበት ሰዓት፣ በአብዛኛው የሚበላሸው ሠልጣኙ ባዶ እጁን ሲገባ ነው። «ታካሚዬ እየተሻለው ነው» ተብሎ ከተጀመረ ሰዓቱ በወሬ ያልቃል። ለሳምንታዊው አንድ ሰዓት ከዋዜማው ተዘጋጁ፤ አንድ ታካሚ፣ አንድ ጥያቄ፣ ከሕክምና ውይይቱ የድምፅ ቅጂ የተመረጠ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ።

ያማረውን ክፍል አትምረጡ። የምትሉት የጠፋችሁን፣ የተናደዳችሁበትን፣ ቸኩላችሁ ምክር የሰጣችሁበትን አምጡ። ጥያቄያችሁ «ምን ላድርግ?» ከሆነ ሱፐርቫይዘሩ መልሱን ይሰጣችኋል፣ ሌላ ታካሚ ሲመጣ ግን ያው ናችሁ። «ስለ ባሏ ስታነሳ ወሬ የቀየርኩት ለምንድን ነው?» ስትሉ ሥራው ይጀምራል። ከዚያ ሱፐርቫይዘሩ ታካሚ ሆኖ ያንኑ ቦታ 5 ደቂቃ ተለማመዱት። ይህ ልምምድ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኛ ግን ከውይይቱ ይበልጥ የሚያስተምረው እሱ ነው እንላለን።

ቅጂ የሚወሰደው ታካሚው ለምን እንደሚቀዳ፣ ማን እንደሚሰማው፣ መቼ እንደሚጠፋ ተነግሮት በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው። እምቢ ቢል ሕክምናው እንደማይቀርበት ንገሩት፤ ያኔ እንደተለያያችሁ ወዲያው ቁጭ ብላችሁ የተባባላችሁትን ጻፉ። ፋይሉን በቴሌግራም አትላኩ።

ጅማ ላይ ታካሚው በአፋን ኦሮሞ የተናገረው በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይቀርባል። መጀመሪያ ያለውን በራሱ ቋንቋ ጥቀሱ። «ድብርት» ብላችሁ ካሳጠራችሁት ሱፐርቫይዘሩ የሚሰማው የእናንተን ድምዳሜ ነው። ጫትም እንዲሁ፦ «ይቅማል» አይበቃም። ስንት እስር፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ሲተው ምን ይሰማዋል? እንቅልፍ ማጣቱ ከምርቃናው፣ ሌሊት የሚያስጨንቀው ከዱካክ (ጫት ሲቋረጥ ከሚመጣው ቅዠት) ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሳይጣራ የልጅነት ታሪኩን መቆፈር ታካሚውን ያጉላላዋል።

በቡድን ስታቀርቡ ስም መቀየር ብቻውን አይሸሽግም። «ሂርማታ ገበያ ልብስ የሚሸጥ፣ መንታ ልጆች ያሉት» ከተባለ ስሙ ተነገረ ማለት ነው። ሥራውን፣ ሰፈሩን፣ የቤተሰቡን ሁኔታ ለውጡ። ከቡድኑ ታካሚውን ያወቀው ካለ ይውጣ።

ሱፐርቫይዘሩ ውጤትም የሚሞላ ከሆነ ሠልጣኝ ስህተቱን መደበቁ አይቀርም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መመዘኛውን በጽሑፍ ጠይቁ፣ በአጋማሽም አስተያየት እንዲሰጣችሁ ተስማሙ። የራሳችሁ ሐዘን ከታካሚው ታሪክ ጋር ከተነካካ ለሱፐርቫይዘሩ ንገሩት፤ ሕክምናውን ግን ከሌላ ባለሙያ ፈልጉ፣ እሱ የእናንተ ቴራፒስት አይደለም።

በዚያው በመጀመሪያው ቀን፣ አስቸኳይ ነገር ሲገጥም ማን እንደሚደወልለት፣ እሱ ስልክ ባያነሳ ማን እንደሚተካው ጻፉ። ድብርትን በሚለካው የፒኤችኪው-9 መጠይቅ 9ኛው ጥያቄ ላይ (ሞትን ስለመመኘት ወይም ራስን ስለመጉዳት በሚጠይቀው) ከ0 በላይ የመለሰ ታካሚ እስከ ሱፐርቪዥን ቀን አይቆይም። ራሱን ስለማጥፋት እያሰበ እንደሆነ፣ ዕቅድ እንዳለው፣ ሊጎዳው የሚችል ነገር በእጁ እንዳለ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም። አደጋ ካለ ከክፍሉ ሳይወጣ ደውሉ፣ ብቻውንም አትሸኙት።