ቆላ ስንወርድ በልጆቻችን ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ከአዲስ አበባ፣ ከደብረ ብርሃን ወይም ከደሴ ተነስቶ ልጅ ይዞ ወደ ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ መተማ ወይም ጋምቤላ የሚወርደው ሰው ብዙ ነው። አንዱ በሥራ ተዛውሮ፣ ሌላው ዘመድ ሊጠይቅ። ጋምቤላ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ድሬዳዋ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ይበረታል። ሰመራ በሰኔ ከ40 ዲግሪ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። እኛ ደገኞች ግን ልጅ የምናሳድገው ብርድን እየፈራን ነው። ደጋ ላይ ልጁን የሚጠብቀው ጥንቃቄ ቆላ ላይ ይጎዳዋል።

ለንጋቱ ብርድ ያለበሱትን እስከ ቀትር መተው

አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ የሚነሳው ገና ሳይነጋ ነው። ይበርዳል። ልጁ ሹራብ፣ ካልሲና ኮፍያ ይለብሳል፤ ላዩ ላይ ፎጣ ወይም ጋቢ ይደረብለታል። እስከዚህ ልክ ነው። ችግሩ መተሐራና አዋሽ ሲደረስም ያንኑ ለብሶ መገኘቱ ነው። ተኝቷል፣ እንዳይነቃ ተብሎ ማንም አይነካውም። ጨቅላ ሕፃን እንደ አዋቂ በላብ ራሱን ማቀዝቀዝ አይችልም። ልብሱን አያወልቅም፣ ሞቀኝም አይልም።

እጁንና እግሩን ብቻ ነክታችሁ "በርዶታል" አትበሉ። የሕፃን እጅና እግር ሰውነቱ ሞቆ ሳለም ሊቀዘቅዝ ይችላል። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ዳስሱ። ካላበው ወይም ከጋለ ልብስ ቀንሱለት። ቆላ ከገባችሁ በኋላ ዳይፐርና አንድ ስስ የጥጥ ካናቴራ ይበቃዋል። ኮፍያ ለውጭ ፀሐይ ነው፤ ቤት ውስጥ ይውለቅ፣ ሕፃን ሙቀቱን የሚያስወጣው በጭንቅላቱም በኩል ነውና። የምታዝሉት ከሆነ ወፍራሙን አንቀልባ በስስ ነጠላ ተኩት። ፊቱ ሁልጊዜ ይታይ።

"መስኮት ዝጉ፣ ንፋስ ይመታዋል!"

ይህን ጭቅጭቅ የማያውቅ የአውቶቡስ መንገደኛ የለም። በሙቀት ጊዜ ግን ንፋሱ የልጁ ባለውለታ ነው። ላቡን የሚያደርቅለት፣ ሰውነቱንም የሚያበርድለት እሱ ነው። ስለዚህ ክፈቱ። ፊቱን በነጠላ መሸፈንም ይቅር፤ ከጨርቁ ሥር የታፈነው አየር ይበልጥ ይሞቃል።

ቤት ውስጥ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ቀን ፀሐይ በሚመታው በኩል ያለውን መጋረጃ ዝጉ፣ ውጭው ቀዝቀዝ ሲል ሁሉንም ክፈቱ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ቬንትሌተር ብቻውን አይረዳም፤ የሚነፋው ትኩስ አየር ነው። እንዲህ ባለ ሰዓት ልጁን በራሰ ጨርቅ መጥረግ ወይም ገላውን ማጠብ ይሻላል።

ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ውሃ መስጠት

"በዚህ ሙቀት ውሃ ሳይጠጣ?" ይባላል፣ በተለይ በአያቶች። አሳቢነታቸው እውነት ነው። ነገር ግን የእናት ጡት ወተት 88 በመቶ ገደማው ውሃ ነው፤ በቆላም ይበቃዋል። ውሃ ሆዱን ሞልቶ ጡት ያስተወዋል። ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ያመጣል። መፍትሔው ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው። ውሃውን በብዛት መጠጣት ያለባት እናትየዋ ናት። የቆርቆሮ ወተት የሚጠጣ ከሆነም ወተቱን አታቅጥኑት።

ሽንቱ ካነሰ ወይም ከጠቆረ፣ ያለ እንባ ካለቀሰ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ፈሳሽ አንሶታልና ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከፍ ያሉት ልጆች ጨዋታ ላይ ጥማቸውን ይረሳሉ። ጠማኝ እስኪሉ አትጠብቁ፣ ውሃውን ይዛችሁላቸው ሂዱ። ለስላሳ መጠጥ ውሃን አይተካም። ካስቀመጣቸው ወይም ካስመለሳቸው ለምለም (በውሃ የሚበጠበጠውን ኦ.አር.ኤስ) ስጧቸው፤ ፓኬቱ በሚያዘው የውሃ ልክ እንጂ በግምት አይበጥበጥ።

ቅቤ ወይም ቅባት ቀብቶ በረፋድ ፀሐይ ማሞቅ

ደጋ ላይ 3 ሰዓት ላይ የምታሞቁትን ልጅ ቆላ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ለጥቂት ደቂቃ አሙቁት። ከ4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ ይፈለግለት። ወፍራም ቅባት የላብ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ የሙቀት ሽፍታው የሚብሰውም በዚህ ነው።

"አንዴ ብቅ ብዬ ልምጣ" ብሎ መኪና ውስጥ መተው

ይህ አሜሪካና ዓረብ አገር ላላችሁትም ነው። የተዘጋ መኪና በ10 ደቂቃ ውስጥ ብቻ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። መስኮቱን ትንሽ ገርበብ ማድረግ ብዙም አይለውጠውም። የልጅ ሰውነት ከአዋቂ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ፈጥኖ ይሞቃል። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ በአማካይ 37 ልጆች በዚህ ይሞታሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተረስተው ነው። የሚረሳው ደግሞ ልጁን የማይወድ ሰው አይደለም፣ እንቅልፍ ያጣና የደከመ ወላጅ ነው። ቦርሳችሁን ወይም ስልካችሁን ከልጁ አጠገብ፣ ከኋላ ወንበር ላይ አስቀምጡ።

ስለሞቀ ብሎ አጎበር መተው

ድሬዳዋ በ2022 እ.ኤ.አ. የወባ ወረርሽኝ ገጥሟት ነበር። ያንን ያባባሰችው ትንኝ በየቤቱ በተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ትራባለች። አልጋውን ውጭ አውጡት፣ አጎበሩን ግን አትተዉ። በርሜሉንና ባልዲውን ክደኑ። ዳዴ የሚል ልጅ ጥቂት ሳንቲሜትር ውሃ ውስጥም ሊሰጥም ይችላል።

ሙቀት የመታውን ልጅ "ምች ነው" ብሎ መሸፈን

ከሁሉም ይህ ያስፈራኛል። ፀሐይ ላይ የዋለ ልጅ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሰውነቱ ይነዳል። ወዲያው ዳማከሴ ይታሻል፣ ልጁም እንዲያልበው ጋቢ ይደረብበታል። የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ ደርሶ ከሆነ ያ ጋቢ ሊገድለው ይችላል። ከተደናገረ፣ ከፈዘዘ፣ አልነቃ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አውልቁ፣ መላ ሰውነቱን ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት። ፓራሲታሞል ይህን ሙቀት አያወርደውም። አልኮል አትቀቡት፣ በቆዳው ዘልቆ ይመርዘዋል። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አትስጡት።

ጤና ጣቢያ እስክትደርሱ በመንገድም ውሃ ማፍሰሱን አታቁሙ። ልጁ ነቅቶ ማውራት ቢጀምር እንኳ መንገዳችሁን ቀጥሉ፤ ወባ ይሁን ሙቀት ለይቶ የሚነግራችሁ ምርመራ ነው።