ዋልካው ሳይደርቅ አትውጡ፦ ሐይቅን በብስክሌት ለመዞር

ነዋሪነቴ ኮምቦልቻ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ስለምሠራ እረፍቴ አንዴ እሑድ፣ አንዴ ማክሰኞ ላይ ይወድቃል። መንገዱ ሰላም ከሆነና እረፍቴ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከገጠመ፣ ብስክሌታችንን ይዘን ከደሴ በወልድያ መንገድ ወዳለው ሐይቅ ነው፤ ሐይቅ የውኃውም የከተማውም ስም ነው። አብሮን መሄድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ስንት ኪሎ ሜትር ነው?" ብሎ ነው። የውኃው ዳርቻ ከ20 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ መንገዱ ከውኃው እየራቀና ኮረብታ እየዞረ ስለሚሄድ ግን ከዚያ ይረዝማል። እኔ ግን የምመልሰው "መጨረሻ የዘነበው መቼ ነው?" ብዬ ነው። ሐይቅ ላይ የሚፈርደው መሬቱ ነው።

በሐይቁ ዙሪያ ሦስት ዓይነት መንገድ ታገኛላችሁ። አንደኛው ጠጠር የፈሰሰበት ፒስታ ነው፤ ክረምት ከበጋ ይሄዳል። ሁለተኛው ኮረኮንች ነው፤ እጅ ያደነዝዛል እንጂ ጉዳት የለውም። ሦስተኛው በእርሻ መሃል የሚያልፈው የእግር መንገድ ነው፤ ብዙ ቦታ ላይ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ጠንካራ ነው፣ ብስክሌት ይበርበታል። ሲረጥብ ግን ያላየው ሰው ቢነግሩትም አያምንም። መጀመሪያ ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፤ ከዚያ ገለባና ጠጠር እየሰበሰበ ይወፍርና በጎማውና በሹካው መሃል ያለውን ክፍተት ይደፍነዋል። ሃምሳ እርምጃ ሳትሄዱ ጎማው መዞሩን ያቆማል፤ ብትገፉት ይንሸራተታል እንጂ አይሽከረከርም።

በመጀመሪያው ዓመት ይህን በራሴ አየሁት። ሌሊት ዘንቦ ባደረ ጠዋት ገባንና ብስክሌቱን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ጭቃውን በጠርሙስ ውኃ ላጥበው ስል ከማሳው ዳር የተቀመጡ አባት "ተይ ልጄ፣ በውኃ ይብስበታል። ፀሐይ ይምታውና በእንጨት አራግፊው" አሉኝ። ግማሽ ሰዓት ያህል አብረናቸው ተቀመጥን። ጭቃው ነጣ፣ ተሰነጠቀ፣ በጠፍጣፋ እንጨት ስጭረው እንደ ዳቦ ቅርፊት እየተላቀቀ ወደቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንዝር የምታህል ጠፍጣፋ እንጨት ከኮርቻዬ ሥር አስሬ ነው የምሄደው። የጭቃ መከላከያ ላሜራ ያለው ብስክሌት ከሆነ ደግሞ ለዚህ መንገድ ፍቱት፤ ዋልካው መጀመሪያ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

ስለዚህ ወቅቱን ምረጡ። መስከረም ላይ ሰማዩ ቢጠራም መሬቱ ውስጥ ውስጡን እርጥብ ነው። ለእኔ ዙሩ የሚከፈተው ኅዳር ላይ ነው፤ ታኅሣሥና ጥርም ጥሩ ናቸው። ከየካቲት ጀምሮ በልግ ሊመጣ ስለሚችል ሐይቅ ከተማ ላለችው አክስታችን ሳንደውል አንወጣም። "አክስቴ፣ መሬቱ እንዴት ነው?" እንላታለን። "ትናንት አካፍቷል ልጄ፣ ለከነገ ወዲያ አድርጉት" ካለችን እንቀራለን። ከከባድ ዝናብ በኋላ ሁለት ሙሉ የፀሐይ ቀን ጠብቁ። እግረ መንገዳችሁንም ስለ መንገዱ ሰላምና ስለ አካባቢው ሁኔታ ጠይቁ፤ የሚያውቀው እዚያ ያለ ሰው ነው።

ብስክሌቱ ውድ መሆን የለበትም። የእኔ ባለ 26 ቁጥር ጎማ፣ ማርሽ ያለው፣ ተራ የዳገት ብስክሌት ነው። ቀጭን የአስፋልት ጎማ ግን አይሆንም፤ ቢያንስ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይሁን። ጎሚስታ ቤት ንፋስ ስታስሞሉ ድንጋይ እስኪሆን አታስሞሉት። እኔ 60 ኪሎ ገደማ ነኝ፤ ለኮረኮንቹ 35 ፒኤስአይ አካባቢ አደርገዋለሁ። ከዚያ ሲበዛ ጎማው በየጠጠሩ እየነጠረ መሪውን ከእጅ ይነጥቃል፤ በጣም ሲያንስ ደግሞ ድንጋይ ስትመቱ ካላማዳሪው ከቸርኬው ጋር ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ይወጣለታል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ቁጥር አይታችሁ በመሃሉ እንደ ክብደታችሁ ሞክሩት።

ከደሴ እስከ ሐይቅ ከተማ በወልድያው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ሐይቁ 1,900 ሜትር አካባቢ፤ በአብዛኛው ቁልቁለት ነው ማለት ነው። ብዙ ወጣት ይህን ሰምቶ ከደሴ ይለቀዋል። እኔ አልመክርም። ጠዋት የደሴ ጉም መንገዱን ሲሸፍነው ከኋላ የሚመጣ ሲኖትራክ አያያችሁም፤ ረጅም ቁልቁለት ላይም ፍሬን ሳይለቁ መያዝ ሸራውን ያቃጥለዋል። የግድ ከወረዳችሁ ጉሙ እስኪገፈፍ ጠብቁ፤ የፊቱንና የኋላውን ፍሬን እያፈራረቃችሁ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ውረዱ። እኛ ግን ብስክሌቱን መኪና ላይ ነው የምንጭነው። የፊቱን ጎማ ፍቱ፣ ካቴናው ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስተኙት፣ በአሮጌ ካላማዳሪ ራሳችሁ እሰሩት። ሒሳቡን ከረዳቱ ጋር ሳትጭኑ ተነጋገሩ።

ከሐይቅ ከተማ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሱ። ጀማሪ ከሆናችሁ የመጀመሪያው ቀን እስከ እስጢፋኖስ ገዳም ደርሶ መመለስ ይበቃል። ገዳሙ ወደ ውኃው ገባ ባለ መሬት ላይ ነው፤ ድሮ ደሴት ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት ቦታ ነው። ሴት አይገባም። ወንድሜ ገብቶ የአባ ኢየሱስ ሞዓን ወንጌል አይቶ ሲመለስ፣ እኔ በሩ አጠገብ ብስክሌቶቹን እየጠበቅሁ ውኃውን ሳይ ቆየሁ። ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ጠዋት ንፋስ ሳይነሳ ግን እንደ መስታወት ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ቢቸኩል እንኳ ሰው ለዚህ ሩብ ሰዓት ሊሰጠው ይገባል።

ሙሉውን ዙር ስንሄድ ውኃውን በግራችን ይዘን በደቡብ በኩል ነው የምንጀምረው። ምክንያቱም ከአርዲቦ ሐይቅ የሚወርደው ወንዝ በዚያ አቅጣጫ ነው የሚገባው፤ መሻገሩን እግራችን ሳይዝል እንጨርሰዋለን። ወንዝ ላይ ጫማ አውልቆ መግባት ያምራል፣ ግን ተዉት። በሐይቅ አካባቢ ጅረቶች ቢልሃርዝያ አለ፤ በቆዳ ነው የሚገባው። ብስክሌቱን ትከሻ ላይ አድርጋችሁ በድንጋዩ ተሻገሩ፣ ወይም ድልድይ ያለበትን ጠይቁ። ዳር ላይ መዋኘትንም በዚሁ ምክንያት ትቼዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ስለሚነሳ እኔ 7 ሰዓት ሳይሞላ ዙሩን መዝጋት እወዳለሁ።

ስለ እሾህ ብዙ ሰው የማያደርገውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጎማ ሲተነፍስ ካላማዳሪውን አውጥታችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ጎማው ውስጡን በጨርቅ ዙሪያውን ጥረጉ። ጨርቁ የሚያዝበት ቦታ ላይ የግራር እሾህ ጫፍ አለ። እኔ ይህን ሳላደርግ አንዴ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለቴ ተንፍሶብኛል። ቀዳዳውን ለማግኘት ካላማዳሪውን ሞልታችሁ ወደ ከንፈራችሁ አስጠጉት፤ ትንሿን ትንፋሽ ከንፈር ቶሎ ይለያታል። በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። በጣት ጀርባ ስትነኩት እርጥብነቱ ጠፍቶ ያዝ ካደረገ ልጣፉን አስቀምጡና በደንብ ተጫኑት። ማስቲሹ ሳይደርቅ የተለጠፈ ልጣፍ ዳገት ላይ ይለቃል። ትርፍ ካላማዳሪ፣ ትንሽ ፓምፕና ሁለት ሊትር ውኃ ሳትይዙ አትውጡ። ለስንቅ በሶ ወይም ቆሎ ይበቃል፤ ዓሣው ሐይቅ ስትመለሱ ይጠብቃችኋል። ቆሮሶ ጥብስ እዘዙ።

የእግር መንገዱ የገበሬው ነው። የተጫነ አህያ ሲመጣ ወርዳችሁ ጥግ ያዙ፤ የደነገጠች አህያ ጭነቷን ትጥላለች። ታኅሣሥ ላይ መንገድ ዳር አውድማ ስለሚኖር ጤፍ ላይ ጎማ አታሳልፉ። ውሻ ሲመጣ አትሩጡ፤ ውረዱና ብስክሌቱን በእናንተና በእሱ መሃል አድርጋችሁ በቀስታ እለፉ። ሰላምታ አትዝለሉ፤ "አሰላሙ ዓለይኩም"ም "እንደምን አደራችሁ"ም በዚያ መንገድ በየተራ ያስፈልጋል። መንገድ የጠየቅኋቸው እናት መንታውን አሳይተውኝ ሲያበቁ "አላህ መንገድሽን ያቅናው" ብለው ሸኝተውኛል።

አርዲቦ ለሌላ ቀን ይቆይ። ከሐይቅ በ200 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፤ ዳገቱን በቀላሉ ማርሽ፣ ከኮርቻ ሳትነሱ ውጡት፤ ከተነሳችሁ የኋላው ጎማ ጠጠሩ ላይ ይሾራል። ላይ ስትደርሱ ሰው ያነሰበት፣ ዝም ያለ ውኃ ነው።

ወደ ደሴ የሚመለሰውን መኪና እስከ 10 ሰዓት ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ጣሪያው ስለሚሞላ ብስክሌት አይቀበሉም። ቤት ስትገቡ ደክሟችሁም ቢሆን ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጉና ጠብታ ዘይት አድርጉለት። የዋልካ አቧራ ከዘይት ጋር ካደረ ጥርሱን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው።