ሽምግልና ልታጠኑ ከመጣችሁ

እኔ ሐይቅ ከተማ ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፍ የያዛቸው ልጆች በየዓመቱ ይመጡብኛል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፤ «የአካባቢው ባህላዊ ሕግ ምን ይላል?» ሽማግሌ ጋ እወስዳቸዋለሁ። ሽማግሌውም «እኛ ዘንድ ድሃም ሀብታምም እኩል ነው» ይላሉ። ልጁ ይህንኑ ጽፎ ይመረቃል።

እንዲህ ከሆነ መምጣቱም ድካም ነው። ስልክ ይበቃ ነበር።

ደንቡን አትጠይቁ፣ ጠቡን ጠይቁ። ማን ድንበር ገፋ? ማን ከሰሰ? ማን ገላገለ? ስንት ተከፈለ፣ ወይስ ተከፈለ ተብሎ ቀረ? አሜሪካዊው የሕግ ሰው ካርል ሉዌሊንና አንትሮፖሎጂስቱ አዳምሰን ሆብል ሻየን የተባሉትን የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሕግ ሲያጠኑ የሄዱት በዚህ መንገድ ነው፤ ሥራቸው በ1941 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሰው ስለ ደንብ ሲጠየቅ መሆን የነበረበትን ይነግራችኋል። ስለ ጠብ ሲጠየቅ ግን የሆነውን ያወጣዋል፤ ያውም እየተናደደ።

ሽምግልናው ላይ እንድትቀመጡ ከተፈቀደላችሁ መጀመሪያ አቀማመጡን ሣሉ። ሸሁ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ቄሱ ይባርካሉ። ደስ ይላል፣ ግን እሱን ብቻ ጽፋችሁ እንዳትሄዱ፤ ወሎን ያየ እንግዳ ሁሉ የሚጽፈው እሱን ነው። ይልቅ ድንጋዩ ላይ ማን ተቀመጠ? ሣሩ ላይስ? ቆሞ የሚናገረው ማነው? ከሳሿ ሴት ስትሆን ብዙ ጊዜ ወንድሟ ወይም አጎቷ ነው የሚናገርላት። እሷ ከጀርባው ናት። ወንድም ነገሩን ሲያበላሸው ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። እሱ ዘወር ይላል፤ ሁለት ቃል ጣል ታደርግለታለች። «እንዳልኳችሁ...» ብሎ ያላለውን ይቀጥላል። ያን ጊዜ እሱን ትታችሁ እሷን እዩ። ቡናውንና ጫቱን ያቀረበው የትኛው ወገን እንደሆነም ጠይቁ። ሽማግሌ ደሞዝ የለውም፣ የበላበትን ግን አይረሳም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ማን ረታ?» ከማለት በፊት «እምቢ ማለት የማይችለው ማነው?» በሉ።

ባሏ የሞተባትን ሴት ውሰዱ። በሬ ስለሌላት መሬቷን ለጎረቤት በእኩል ትሰጣለች። ጎረቤቱ መኸር ሲገባ ከእኩሌታው በታች ያመጣል። ትከሳለች። ሽማግሌዎቹ «ለዘንድሮ ተይለት፣ ጎረቤት አይደለም እንዴ?» ይላሉ። እሺ ትላለች። ተማሪው «ጉዳዩ በስምምነት ተፈታ» ብሎ ይጽፋል። ኧረ ወዲያ! እምቢ ብትል ሽማግሌ ረጋጭ ትባላለች። በሚቀጥለው ክረምት ማን ያርስላታል? ቅሬውስ፣ ማለት ዕድሩ፣ ፊት ቢነሳት ሐዘን ሲደርስባት ማን ድንኳን ይተክልላታል? ሰውየው ግን ሽማግሌ ቢረግጥም በሬዎቹ ከእሱ ጋ ናቸው። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ከደጅ ታሳድራለች ይባል የለ!

ላውራ ናደር የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ሜክሲኮ ውስጥ ታሊያ በሚባል የዛፖቴክ መንደር ይህን የእርቅ ነገር ለብዙ ዓመታት ተከታትላለች። እርቅ አቅም የሌለውን ዝም ማሰኛ ሊሆን እንደሚችል ጽፋለች። የታሊያ ሰዎች ደግሞ ያንኑ እርቅ መንግሥትን ከመንደራቸው ማራቂያ አድርገውት ነበር። ሁለቱንም ያዙ። እኛም ሽማግሌ «ነገሩ ወረዳ አይድረስ» ሲል አንዳንዴ መንደሩን ከወጪና ከእንግልት ማዳኑ ነው፤ አንዳንዴ ባለ በሬውን ነው።

ሴትዮዋን ሽማግሌው ፊት እንዳትጠይቋት። ሌላ ቀን፣ ሴት ተማሪ ትሂድና ለብቻዋ ታናግራት። «እምቢ ብትይ ኖሮ ምን ይቀርብሽ ነበር?» ትበላት። ጥያቄው የሕግም ጥያቄ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ ነውና።

«የባህል ሕግ» እና «የመንግሥት ሕግ» ብላችሁ ሁለት ምዕራፍ የምትከፍሉትም ነገር አይገባኝም። ሽማግሌዎቹ ካስታረቁ በኋላ ወዴት ይመጣሉ? ወደ እኔ። የእርቅ ውሉን እጽፍና መጨረሻው ላይ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው የሚለውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731ን እጠቅሳለሁ። ያ ሕግ በ1952 የወጣ፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት ነው፤ የሸፈናቸውን ጉዳዮች በተመለከተ የቆየውን ልማድ ሽሯል። የዋርካው ሥር ስምምነት ግን የሚታሰረው በዚያው ሕግ ቁጥር ነው። ውሉ ላይ ገደቡን ፈልጉ። ላፈረሰ ወገን የሚጻፈው መቀጫ ለሁለቱም እኩል ነው። ለባለ በሬው የአንድ ገበያ ገንዘብ ነው፣ ለሴትዮዋ ያለቻትን ላም መሸጥ ነው።

የደም ጉዳይ ሲሆን ራቅ በሉ። ደም የሚያደርቁት አበጋሮች ናቸው፤ አበጋርነቱ በዘር የሚወርድ ነው፣ እርግማናቸውም ይፈራል። በመንግሥት ሕግ የነፍስ ግድያ ክስ በእርቅ አይዘጋም። ገዳይ ቢታሰርም ግን ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ገበያ ይወጣሉ፣ ካንድ ምንጭ ይቀዳሉ፤ እርቁ ለዚያ ነው። የተጋበዘ ብቻ ይገባል። ድምፅ መቅጃ ስልክ ይዞ የሚያንዣብብ ልጅ ሰው ሊያስገድል ይችላል፤ አልቀለድኩም።

አንድ ነገር ቀረኝ። የምትጠይቁት ሁልጊዜ ድሃውን ነው። ድሃ እናንተንም እምቢ አይላችሁማ። ናደር በ1972 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጽሑፍ ተመራማሪዎች ወደ ላይም እንዲያዩ፣ ኃይል ያላቸውንም እንዲያጠኑ ጠይቃለች። ስለዚህ መሬት አስተዳደር ቢሮ ሂዱና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የይዞታ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ከጠዋት ጀምሮ የሚጠብቀው ማነው? በር ሳያንኳኳ የሚገባውስ? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እያልን ያደግን ሰዎች ነን፣ መጀመሪያ ያስፈራል። ከትምህርት ክፍላችሁ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ያዙ፤ ኮፒውንም አስቀሩ፣ ዋናው መዝገብ ቤት ገብቶ ይቀራል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ከተባላችሁ እሱንም ጻፉት፣ ቀንና ሰዓቱን ጨምራችሁ።